የኔታ ጥሩነህ የመረጡት የበረዶ ተራራ

የቅኔ መምህር ስለ በረዶ ሸርተቴ ምንም አያውቅም ይላሉ። ሐሰት ነው። በየዓመቱ አውሮፓ ደርሰው የሚመለሱ ነጋዴዎች አውቃለሁ፤ ፓስፖርታቸው በማኅተም ብዛት ያበጠ ዲፕሎማቶችም አውቃለሁ። ከሁሉም መካከል የበረዶ መንሸራተቻ ከተማ እንዴት እንደሚመረጥ በትክክል ያወቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም በሕይወታቸው ዓባይን ተሻግረው የማያውቁት የብቸናው የቅኔ መምህር፣ የኔታ ጥሩነህ።

ባለፈው ወር ዐረፉ። ለቀብራቸው ብቸና ሄጄ ነበር። ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየቃምን ሳለ ከጎኔ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ስለ ሟቹ ሁልጊዜ የሚባለውን ይባባሉ ነበር።

«ደግ ነበሩ። ግን ወራሻቸውን በገዛ እጃቸው ለፈረንጅ አሳልፈው ሰጡ።»

«ምን ያድርጉ፣ የማያውቁትን አገር ምረጡ አሏቸው፤ መረጡ።»

ለቅሶ ቤት ክርክር አይነሣም። እኔ ደግሞ ያልተከራከርሁበት ነገር ሆዴ ገብቶ ያመኛል፤ ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ። ያ ምርጫ ሲደረግ እዚያው ነበርሁ። አስተርጓሚውም አጭበርባሪውም እኔ ነበርሁ።

ብቸና የተመደብሁት ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ጥቂት መጻሕፍት አንብቤ ዓለምን የጨረስሁ ይመስለኝ ነበር። የአማርኛ አስተማሪው ባልደረባዬ ላቀው አንድ ቅዳሜ ከየኔታ ጋር ሊያስተዋውቀኝ ወሰደኝ።

«ከየት ነህ?» አሉኝ።

«ከአዲስ አበባ።»

«የት ተማርህ?»

ትምህርት ቤቶቼን አንድ በአንድ ቆጠርሁላቸው። እስክጨርስ ታገሡኝ።

«ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ሲያርምህ ያስለቀሰህ መምህር ማን ነው?»

አሰብሁ። ማንም አልነበረም።

«እንዲያው ነዋ ያደግኸው» አሉና፣ ለበሽተኛ እንደሚደረገው ከመደቡ ላይ የተሻለውን ቦታ ለቀቁልኝ።

አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሰው ነበሩ። ጉባኤያቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ደብር አጥር ሥር፣ አንዲት ያረጀች ወይራ ጥላ ነበር፤ ዙሪያውን የተማሪዎቹ ጎጆዎች ተደርድረዋል። ተማሪ ቅኔ ቆጥሮ ሊያሰማ ሲቀርብ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋድማሉ። ቅኔው የማይረባ ከሆነ ጭራው ቀስ ብሎ ይነሣና ዝንብ የሌለበትን አየር አንድ ጊዜ ይመታል። ይኸው ነው። ስድብ የለም፣ ቁጣ የለም። ጓደኞቹ ይስቃሉ፤ ያ ተማሪ ግን በማግሥቱ እንደገና ይቀርባል። የማይቀርብ ካለ የኔታ ስሙን አያነሡም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዳልተወለደ ይቆጥሩታል።

ላቀው የጉባኤው አስነጋሪ ነበር፤ መምህሩን ወክሎ ጀማሪዎቹን የሚያለማምደው ዋናው ተማሪ ማለት ነው። ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ተምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቢቀጠርም በየቅዳሜው ከወይራዋ ሥር አይጠፋም ነበር። የየኔታ ዓይን እየፈዘዘ ሄዷል። ሰው የሚለዩት በሳሉ ነበር። ከተመረቁት መካከል ጎበዝ ጎበዙ ደብረ ማርቆስ እየሄደ የጽሕፈት ቤት ሰው ሆኗል። ወንበራቸውን የሚረከብ ላቀው ብቻ ነበር፤ ይህን የኔታም፣ ካህናቱም፣ ገበያተኛውም ያውቃል። ላቀው ከሄደና ከቀረ ጉባኤው ከየኔታ ጋር ይቀበራል።

እንግዲህ ዕድሉ የደረሰው ለዚሁ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ መንግሥት ቱሪስት ሊያመጣ አስቦ ውጭ አገር ሄደው የሆቴል ሥራ የሚማሩ ወጣቶችን በፈተና ይመርጥ ነበር። ላቀው እንደ ቀልድ ተፈተነና አለፈ። የሚሄደው የአልፕስ ተራሮች ወዳሉበት አገር ነው። ከዚያ የመጣው ወረቀት፣ ተማሪው ክረምቱን ከሦስት የበረዶ መንሸራተቻ ከተሞች በአንዱ ሆቴል ውስጥ እየሠራ እንደሚያሳልፍ፣ በትርፍ ሰዓቱም ሸርተቴ እንደሚማር ይናገራል። ከተማውን የሚመርጠው ራሱ ነው። የሦስቱም ከተሞች ባለ ሥዕል መግለጫ አብሮ ተልኳል። መልሱ በሐሙስ አውቶቡስ መሄድ ነበረበት።

«የኔታን ልጠይቅ» አለኝ ላቀው።

«ስለ በረዶ?»

«ስለ ጉባኤ። ሳልጠይቃቸው ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ሄጄ አላውቅም።»

ረቡዕ ጠዋት እናቱ ወይዘሮ የሺ ከሞጣ በጭነት መኪና ደረሱ። ነጠላቸው በአቧራ መልኩን ለውጧል። ልጃቸውን ሳያገኙ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«ወረቀቱን የምታነበው አንተ ነህ?»

«አዎን እሜቴ።»

«እኔ ያለኝ አንድ ልጅ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ደግ። ሂድ ያለው መንግሥት ነው፤ መንግሥትን አልመልስም። ግን አንድ ገደል የሆነ አገር አለ አሉ፤ ልጁ እሱን ሲያይ ዓይኑ ይበራል። እሱ ጋ ስትደርስ አክብድበት።»

«መዋሸት እኮ ነው።»

«ማን ዋሽ አለህ? አክብድበት ነው ያልሁህ። ወጥ ላይ በርበሬ ሲበዛ ውሸት ነው?»

እውነቱን ለመናገር ልከራከራቸው አልፈለግሁም። ብቸና ውስጥ የልቤን የማጫውተው ላቀውን ብቻ ነበር። ወደ ለስላሳው አገር ከሄደ ሰልችቶት በዓመቱ ይመለሳል ብዬ አስቤ ነበር። ተስማማሁ።

ከሰዓት በኋላ አራታችን ከወይራዋ ሥር ተቀመጥን። ወይዘሮ የሺ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ጀመሩ።

«የኔታ፣ ሰው በበረዶ ላይ ሲንሸራተት አይተው ያውቃሉ?»

«አላየሁም» አሉ የኔታ። «የተንሸራተትሁት እኔ ነኛ፤ እንዴት አያለሁ?»

ላቀው እንኳ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር።

«ተማሪ ሳለሁ ከሞጣ ወደዚህ ስሻገር ጮቄ ላይ በረዶ ወረደብን። ሲያባራ ተራራው ሁሉ ነጭ ነው። ጓደኛዬ ዞረን እንውረድ አለ። እኔ ደበሎዬን አወለቅሁና ተቀመጥሁበት።»

ደበሎ ተማሪ የሚለብሳት የበግ ለምድ ናት።

«ከዚያስ?» አለ ላቀው።

«ከዚያማ የምሄደው እኔ አልነበርሁም፤ ቁልቁለቱ ነበር። ታች ስደርስ ደበሎዬ ተቀዷል፣ መቀመጫዬ ተልጧል፣ እኔ እስቃለሁ። ጓደኛዬ ሲመሽ ደረሰ።»

«ምን አለዎት?»

«ሞኝ አለኝ። ደበሎዬን አገላብጦ አየና ደግሞ፣ እስቲ እንዴት እንደተቀመጥህ አሳየኝ አለኝ። በል አንተ የአዲስ አበባው፣ አንብብ።»

የመጀመሪያውን አነበብሁ። ሐይቅ ዳር ያለ ከተማ ነው። ቁልቁለቱ የለዘበ፣ ለሽማግሌና ለሕፃን የሚስማማ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከሆቴሉ ፊት ለፊት፤ ምሽቱ ጸጥ ያለ። የቻልሁትን ያህል አጣፍጬ አነበብሁት።

«ይኸው፣ አበቃ» አሉ ወይዘሮ የሺ። «ቤተ ክርስቲያን አለው።»

«እዚያ የሚወድቅ ማን ነው?» አሉ የኔታ።

«ማንም አይወድቅም የኔታ።»

«ማንም?»

«ቁልቁለቱ የለዘበ ነው ይላል።»

«ታዲያ ምን ሊማሩ ይሄዳሉ?»

ወደ ሁለተኛው ተሻገርሁ። ይህኛው የመሳፍንትና የፊልም ተዋንያን መዋያ ነው። ባለ ጠጉር ካፖርት የለበሱ ሴቶች ሰገነት ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ይታያሉ።

«እነዚህስ ይንሸራተታሉ?»

«አንዳንዶቹ።»

«የቀሩትስ?»

«የቀሩት ይታያሉ።»

«የመኳንንት ግብር ነው በለኝ። ተማሪ እዚያ ገብቶ ምን ያገኛል?»

«ፍርፋሪ አይጠፋ» አሉ ወይዘሮ የሺ።

«ፍርፋሪ አይጠፋም። ትምህርት ነው የሚጠፋው።»

ሦስተኛው ቀረ። መግለጫው ላይ ለጀብደኛ ተንሸራታቾች የተዘጋጀ ሞቅ ያለ ከተማ ተብሎ ተጽፏል። እኔ ቃሌን ጠበቅሁ።

«ሦስተኛው ገደል ነው» አልሁ። «ከጫፉ ላይ ቁልቁል ሲያዩት ሆድ ይገለበጣል። ጀማሪ በቀን ሃያ ጊዜ ይወድቃል።»

ወይዘሮ የሺ ራሳቸውን እየነቀነቁ አመሰገኑኝ።

«የቆየውስ?» አሉ የኔታ።

«የቆየውም ይወድቃል።»

የኔታ ተስተካክለው ተቀመጡ።

«ሲወድቅ ጓደኞቹ ምን ይሉታል?»

«ይስቁበታል።»

«እሱስ?»

የወደቀ ሰው ሲስቅ የሚያሳየው ሥዕል ላቀው እጅ ላይ ስለነበር መዋሸት አልተቻለኝም። «እሱም ይስቃል።»

«ከዚያስ?»

«ተነሥቶ እንደገና ይወጣል።»

«አስተማሪዎቹ እንዴት ያሉ ናቸው?»

«አይራሩም። ሲመሽ ደግሞ ወጣቶቹ አንድ አዳራሽ ተሰብስበው ማን እንዴት እንደወረደ ሲከራከሩና ሲዘፍኑ ሰው አያስተኙም። ጫጫታ ነው። የሚረባ አገር አይደለም።»

«አይራሩም» አሉ የኔታ፣ ማር እንደቀመሰ ሰው።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በጎጃም ተማሪ ከአንዱ ቅኔ ቤት ወደ ሌላው ሊሻገር ሲያስብ የሚጠይቀው ነገር የታወቀ ነው። ክርክሩ ይሞቃል ወይ፣ መምህሩ ይጨክናል ወይ፣ የተነቀፈ ተማሪ ተመልሶ ይቀርባል ወይ። የኔታ አልፕስን የሚመዝኑት በዚሁ ሚዛን ነበር። እኔ ያከበድሁት እያንዳንዱ ነገር በየኔታ ዘንድ ምስጋና ነበር። ወይዘሮ የሺም ነቁ፤ በዓይናቸው ዝም በል አሉኝ። ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር።

«የአገሩ ውሻስ?»

ይህ ለአንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የቅኔ ተማሪ የሚኖረው ከየመንደሩ ቁራሽ ለምኖ ነው፤ ጠላቱም ውሻ ነው። የኔታ ሱሪያቸውን ሰብስበው ባታቸውን አሳዩን። «ይኸ ጠባሳ የአምበር ውሻ ነው። ይኸ የየጥኖራ። ይኸን የነከሰኝ ደግሞ የቄስ ውሻ ነው።»

መግለጫውን ገለጥሁ። እውነትም ውሻ አለበት፤ ጥጃ የሚያህል፣ አንገቱ ላይ ትንሽ በርሜል የታሰረለት።

«በርሜሉ ውስጥ ምን አለ?» አለ ላቀው።

«አረቄ።»

«ለማን?» አሉ የኔታ።

«በበረዶ ለተቀበረ ሰው። ውሻው ፈልጎ ያገኘዋል ይላል፤ ከዚያ ሰውየው ጠጥቶ ይሞቃል።»

የኔታ የባታቸውን ጠባሳ በእጃቸው ዳበሱ።

«ውሻው ለወደቀ ሰው ስንቅ ይዞ የሚሄድበት አገር» አሉ የኔታ። «እኔ ባቴን ሳስበላ እዚህ ኖርሁ።»

«የኔታ፣ እግሩ ቢሰበርስ?» አሉ ወይዘሮ የሺ።

«እግር ይጠገናል።»

«ቢቀርስ? እዚያው ቢቀርስ?»

ላቀው መሬት መሬት አየ። ጥያቄው የእናት ብቻ እንዳልነበር ሁላችንም እናውቃለን። ከወይራዋ ወዲያ ጀማሪዎቹ ሲያጉተመትሙ ይሰማል።

«ይኸማ የእኔም ጥያቄ ነው፣ የሺ» አሉ የኔታ። «ስለዚህ አልመልሰውም። አንተ ልጅ፣ ገደሉን ጻፍለት።»

በገዛ እጄ ጻፍሁት። ስንነሣ እጅጌዬን ይዘው አስቀሩኝ።

«ስታከብድ ሰምቼሃለሁ» አሉኝ።

«የኔታ፣ እኔ...»

«አትጨነቅ። ባታከብድልኝ አገሩን አላውቀውም ነበር።»

ላቀው ሄደ። የመጀመሪያው ደብዳቤው ከየኔታ ጉባኤ የወጣ እንጂ ከሆቴል የተጻፈ አይመስልም ነበር። በቀን ሃያ ጊዜ ያልሁት ትንሽ ነው፤ እሱ ሠላሳ ጊዜ ወድቋል። አስተማሪው ሲቆጣ አይናገርም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ይወርዳል። የኔታ ይህን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። አንድ ነገር ግን አሳዘናቸው። ውሻው ቱሪስት አብሮት ፎቶግራፍ እንዲነሣ ብቻ የቆመ ነው፤ በርሜሉም ባዶ ነው።

«ባዶ?»

«ባዶ ነው ይላል።»

«በውሻው ተሳስቻለሁ» አሉ። ስሕተታቸውን ሲያምኑ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «በጉባኤው ግን አልተሳሳትሁም።»

በሁለተኛው ዓመት ሌላ ደብዳቤ መጣ። ላቀው እግሩ ተሰብሮ ድኗል፤ ትንሽ ያነክሳል። የሆቴሉን ትምህርት ጨርሷል። ከተማው ጀማሪዎችን ሸርተቴ እንዲያስተምር ጠይቆታል። መጨረሻው ላይ «የኔታ፣ ተመለስ ካሉኝ ወዲያው እመጣለሁ። ካላሉኝ እቆያለሁ» ይላል።

ያን ሰሞን የኔታ ፊደል መለየት አቁመው ነበር። ደብዳቤውን ያነበብሁላቸው ጀማሪዎቹ ቅኔ አሰምተው ገና ሲበታተኑ ነው። አንዳቸውም አስነጋሪ ለመሆን አልደረሱም። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትበቃው።

«ድገመው» አሉኝ። ደገምሁት። ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ጻፍ። ስንት ተማሪ ሰጡህ? አትራራላቸው።»

ጠበቅሁ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ስሜን ጻፍ።»

«ተመለስ ወይም አትመለስ አይሉትም? ጠይቆዎታል እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

ወጣት ነበርሁ፤ ተናደድሁ። «ወንበርዎን ማን ሊረከብ ነው? ያን ቀን ሐይቅ ዳሩን ቢመርጡለት ይኸን ጊዜ እዚህ ነበር።»

«እዚህ ነበር።»

«ያውቁ ነበር?»

«አንተ ያወቅኸው እኔን ያመልጠኛል?» አሉ። ቆየት ብለው ቀጠሉ። «የመጀመሪያው መምህሬ ሞጣ አጠገብ ነበር። ትንሽ ጎበዝ ነበርሁና ከእጁ እንዳልወጣ ፈለገ። ወዴት ልሂድ ብዬ ስጠይቀው ቅርቡንና ደካማውን ጉባኤ ጠቆመኝ፤ ሰልችቶኝ እንድመለስ። ሰለቸኝ፤ ተመለስሁ። ሁለት ዓመት አገለገልሁት። ነገሩ ሲገባኝ ነው ተነሥቼ ጮቄን የተሻገርሁት። ሞቷል፤ ነፍሱን ይማር እላለሁ። ግን እስከ ዛሬ ስሙን በጸሎት ስጠራ ጥርሴን ነክሼ ነው። ላቀው የእኔን ስም እንደዚያ እንዲጠራው አልፈልግም።»

ደብዳቤውን አጠፍሁ። ያሉኝን ብቻ ጻፍሁና ስማቸውን አስከተልሁ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ደብዳቤው ተቋረጠ፤ እኔም ወደ አዲስ አበባ ተዛወርሁ። ወይዘሮ የሺ እስኪሞቱ ድረስ ከየኔታ ጋር አልተነጋገሩም። በየፋሲካው ግን ከሞጣ አንድ ቅል ቅቤ ለየኔታ ይመጣ ነበር። አምጪው ከማን ነው ሲባል አልነገሩኝም ይላል። የኔታም በልተው ዝም።

ጨለማ ውስጥ ሆነው ብዙ ዓመት አስተማሩ። ቅኔውን በጆሯቸው ያርማሉ፤ ጭራው እንደ ድሮው አየሩን ይመታል። አስነጋሪ አሠለጠኑ፤ አንዱን ጦርነት ወሰደው፣ ሌላው ከተማ ገብቶ ቀረ። በታኅሣሥና በጥር ልጠይቃቸው ስሄድ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር።

«የእነሱ ክረምት ገብቷል?»

«ገብቷል የኔታ።»

«እንግዲያ ሥራ ላይ ነው» ይላሉ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ እንሻገራለን።

ዋጋው ቀላል ነበር አልልም። ባለፈው ወር ከቀብሩ በኋላ ወይራዋ ሥር ሄጄ ነበር። ተማሪዎቹ ጓዛቸውን እየቋጠሩ፣ የትኛው መምህር ይጨክናል እየተባባሉ ነበር። አሁን እዚያ ማንም የለም። የኔታ ይህ ቀን እንደሚመጣ ያን ረቡዕ ያውቁ ነበር፤ አውቀው ነው የመረጡት። ሞኝነት የሚሉት ይህን ነው።

ላቀው በሕይወት ካለ ሃምሳውን አልፏል። አድራሻው የለኝም። ከእናንተ መካከል ጉዳይ ወደ አልፕስ ተራሮች የሚወስደው ካለ፣ ለጀማሪ የማይራራ፣ ትንሽ የሚያነክስ የጎጃም ሰው ፈልጉልኝ። የኔታ ማረፋቸውን ንገሩት። ለምን አልተመለስህም ብላችሁ ግን አትጠይቁት። እናቱ በየደብዳቤው ጠይቀውታል፤ መብታቸው ነበር። የኔታም መብት ነበራቸው፤ አልጠየቁም። እናንተ ከሁለቱ አንዳቸውም አይደላችሁም። መርዶውን ነግራችሁ ዝም በሉ።